ሁለት ባላ እና የሐረር ጉምሩክ



በአገራችን የኢኮኖሚ ክርክር ውስጥ አንድ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ውጦ ተቀምጧል፤ «ከማን ጋር እንቁም?» የሚለው ጥያቄ። ከቤጂንግ ወይስ ከዋሽንግተን? ከብሪክስ ወይስ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት? ከአቡ ዳቢ ወይስ ከአንካራ? ዓለም እንደ አሮጌ ሸማ ከመሐል በተተረተረችበት በዚህ ዘመን ጥያቄው መነሣቱ አይገርምም። የሚገርመው መልሱ ከባለሥልጣኑም፣ ከተቃዋሚውም፣ ከቡና ቤት ተንታኙም አፍ አንድ ሆኖ መውጣቱ ነው። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋልና ከሁሉም ጋር እንሁን፣ ማንንም አናስቀይም፣ ከሁሉም እንቀበል የሚል ነው።

ተረቱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ባላው የተተከለበት መሬት የማን እንደሆነ አይናገርም። ሁለቱ ባላዎች ተስማምተው በአንድ ቀን ቢነቀሉ ምን እንደሚደረግም አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስንሻገር በየቀኑ የምንረግጠው ድልድይ በአንድ ተደራዳሪ ስም የተጠራ ነው።

የታክሲ ረዳቱ «ራስ መኮንን ወራጅ አለ?» ሲል ስሙ የፌርማታ ስም ብቻ ሆኖ ይሰማናል። ትንሽ ቆም ያለ ሰው ደግሞ የሐረርን ገዥ፣ የአድዋን ጀግና፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አባት ያስታውሳል። ሁሉም ልክ ነው። ለእኔ፣ ኑሮውን በኢኮኖሚክስ መምህርነት ለሚገፋው ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ብዙም የማይወራው ሥራቸው ነው። ራስ መኮንን በዘመናዊ ታሪካችን ውስጥ ከታወቁት የውጭ ብድሮች አንዱን ተደራድረው የተዋዋሉ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። ያኔ ገና ደጃዝማች የነበሩት መኮንን መልእክተኛ ሆነው ወደ ጣሊያን ተላኩ። በ1882 መጀመሪያም በዚያው በጣሊያን አገር ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች፤ ከገንዘቡም ለጦር መሣሪያ መግዣ ዋለ። የብድሩ መያዣ የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ደግሞ እንዲያነበው እለምናለሁ። ስለ ውጫሌ ሲነሣ ሁላችንም አንቀጽ 17ን እንጠቅሳለን፤ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል። ስለ ሐረር ጉምሩክ ግን ያስተማረን የለም። ሐረር ያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በእርሷ በኩል ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ይወርድ ነበር። የሐረርን ጉምሩክ ማስያዝ ማለት የአገሪቱን የገቢ ጉሮሮ ማስያዝ ማለት ነበር። አንቀጽ 17 በውጭ ጉዳይ አፋችንን ሊይዝ የመጣ ነው ካልን፣ የብድሩ ውል ደግሞ በጉሮሯችን ላይ የተቀመጠ እጅ ነበር። ያው ተጨማሪ ውል ስለ ድንበር ሲናገር በወቅቱ በእጅ ያለውን ይዞታ መነሻ በማድረጉ፣ ጣሊያኖች በደጋው ላይ ወደፊት ለመግፋት ምክንያት አድርገውታል። ብድር ብቻውን አይመጣም፤ ወረቀቱ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሌላ አንቀጽ ይዞ ይመጣል።

ተደራዳሪውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ዘመኑ ክፉ ቀን የሚባለው ነበር፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሕዝቡ በረኀብ እየረገፈ፣ አውሮፓ አፍሪካን እንደ ቅርጫ ሥጋ እየተከፋፈለች ነበር። ዋናው ቁም ነገር ኋላ የሆነው ነው። ምኒልክ በ1883 መጀመሪያ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የትርጉሙን ተንኮል አጋለጡ። በየካቲት 1885 ደግሞ ውሉን እንደማይቀበሉት ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የተበደሩትንም ገንዘብ መለሱ። ዕዳ ያልተመለሰበት የነፃነት ደብዳቤ ከደብዳቤነት አያልፍም፤ እርሳቸው ይህን ያወቁ ይመስለኛል። የአድዋ ድል በጠመንጃና በጀግንነት መገኘቱን ሁላችን እናውቃለን፤ ከጠመንጃው በፊት የተዘጋ የብድር ሒሳብ መኖሩን ግን ከድሉ ታሪክ ጋር አብረን ብንተርከው ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ሁለቱ ባላ እንመለስ። ምኒልክ ይህን ተረት ከማንም በላይ በሥራ ያዋሉ መሪ ነበሩ። ከጣሊያን ጋር ሲጣሉ ከፈረንሳይ መሣሪያ ገዙ። ከሩሲያ ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ለስዊሱ ኢልግ ሰጡ፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከፈረንሳይ መጣ። በየካቲት 1898 የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ደግሞ በእንግሊዞች ተጽዕኖ ሥር በነበረው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ እጅ ሆነ። ፈረንሳይ በባቡሩ፣ እንግሊዝ በባንኩ፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ እንዲኖሩ የታሰበ ብልኀት ነበር። ብልኀቱም ለዓመታት ሠርቷል፤ ምክንያቱም ሁለቱ መንግሥታት በ1891 ፋሾዳ ላይ ጦር ሊማዘዙ ደርሰው ነበር።

ነገር ግን የታላላቆች ጠብ የዘላለም አይደለም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1896 ታረቁ። በታኅሣሥ 1899 ጣሊያንን ጨምረው ሦስቱ ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ። ባለቤቷን አላማከሩም፤ ውሉን የሰማነው ካለቀ በኋላ ነው። ማን የየትኛውን አቅጣጫ ጥቅም እንደሚይዝ፣ ባቡሩ የማን እንደሆነ ተከፋፈሉ። ምኒልክ ውሉ ሉዓላዊነታቸውን እንደማይገድብ ቢመልሱም፣ በባቡሩ በኩል የደረሰው ቀድሞ ደርሶ ነበር። በግል ኩባንያ ስም የገባው ሥራ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ወደ መንግሥት ቁጥጥር ዞረ። ሐዲዱም በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ባንኩን ገዝተን የራሳችን ለማድረግ ደግሞ እስከ 1923 ድረስ ጠበቅን።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው። የተከፋፈለ ዓለም ለደካማ አገር ፋታ ይሰጣል እንጂ ነፃነት አይሰጥም። ፋታውን ተጠቅሞ ቤቱን ያላበጀ፣ ታላላቆቹ የታረቁ ዕለት የዕርቁ ማዕድ ይሆናል።

«ይህ የጥንት ታሪክ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው የእኛን ዘመን ባላዎች እንቁጠራቸው። በ2007 በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደርን። የአዲስ አበባ–ጅቡቲን አዲስ ባቡር በዋናነት በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ሠራን፤ የመክፈያው ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም የተለመነው ገና ሥራው በቅጡ ሳይጀመር፣ በ2010 ማብቂያ ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ፤ 1 ቢሊዮኑ በብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ ነበር። አሜሪካ በሕዳሴው ግድብ ድርድር ሰበብ በ2012 መጨረሻ ከዕርዳታዋ ከፊሉን ያዘች። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎአ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣችን። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ዕገዳው እስኪጸና እንኳ ሳይጠብቅ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 የብሪክስ አባል ሆንን። በ2017 ደግሞ ዩኤስኤአይዲ የሚባለው የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ራሱ ፈረሰ።

ባላ አልጠፋንም ማለት ነው። ነገር ግን ብሪክስ በገባንበት በዚያው ወር ዋዜማ፣ በታኅሣሥ 2016፣ የቦንዱን ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳንከፍል ቀረን። 33 ሚሊዮን ዶላር! ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይሞላም። መንግሥት ሁሉንም አበዳሪ በእኩል ዓይን ለማየት ነው አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ከአዲሶቹ ወዳጆቻችን አንዱም ያን ቀዳዳ አልደፈነልንም።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የአበዳሪዎቹ ጠረጴዛ ነው። ኢትዮጵያ በ2013 የዕዳ ሽግሽግ ስትጠይቅ፣ ያበደሩን መንግሥታት አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ። የኮሚቴው ሊቀ መናብርት እነማን እንደሆኑ ያስታውሳሉ? ቻይና እና ፈረንሳይ ናቸው። በታይዋን፣ በዩክሬን፣ በቴክኖሎጂ፣ በንግድ ቀረጥ የማይስማማው ምሥራቅና ምዕራብ በእኛ ዕዳ ላይ ጎን ለጎን ወንበር ይዞ ተቀመጠ። የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሽግሽግ ስምምነት በመርሕ ደረጃ የተደረሰው በመጋቢት 2017 ነው፤ ጥያቄው ከቀረበ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጌቶች በባሕር ላይ ይጣላሉ፤ በብድር መዝገብ ላይ ግን አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። የ1899ኙ ውል በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ብል ማጋነን ይሆን?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀውም በዚህ ጠረጴዛ ጥላ ሥር ነው። በዚያው ዕለት የገንዘብ ድርጅቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመት ሲሞላውም ከ130 ብር በላይ ሆነ። እኔ የምንዛሪ ለውጡ በራሱ አያስፈልግም ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በባንክ አንድ ዋጋ፣ በጓሮ በር ሌላ ዋጋ የነበረበት ሥርዓት የሚያበለጽገው ፈቃድና ዘመድ ያለውን ብቻ ነበር። ቅሬታዬ በጊዜው ላይ ነው። ካዝናው ሞልቶ ሳለ በራስ መርሐ ግብር፣ ደረጃ በደረጃ፣ ደሀውን አስቀድሞ በመደገፍ ሊወሰድ ይችል የነበረ እርምጃ፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ አበዳሪ በር ላይ በቆመበት ቀን ተወሰደ። ካዝና ሲሞላ ፖሊሲ ይወሰናል፤ ካዝና ሲጎድል የሚወሰነው የፊርማው ቀን ብቻ ነው።

የዓለም መከፋፈል በእኛ ሰፈር እንዴት እንደሚደርስ ማየት የሚሻ ከድልድዩ ዳገቱን ወጥቶ የፒያሳን ወርቅ ቤቶች ይጎብኝ። በአንዱ ውስጥ የሚሠሩና ዘወትር ጋሼ የምላቸው አንድ አንጥረኛ አሉ። በቅርቡ «ዶክተር፣ እስቲ አስረዳኝ» አሉኝ። «ወርቁ ያው ወርቅ ነው፣ ሚዛኑም ያው ሚዛን ነው፣ እጄም ያው እጄ ነው። ሙሽሮች ግን ይገባሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ተያይተው ይወጣሉ። ምን መጣ?» የቻልኩትን አስረዳኋቸው። በ2014 ምዕራባውያን 300 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሩሲያ መጠባበቂያ ሲያግዱ፣ ብዙ ማዕከላዊ ባንኮች ነግ በእኔ ብለው ከዶላር ይልቅ ወርቅ ማከማቸት ጀመሩ። በመስከረም 2018 አንድ ወቄት ወርቅ በዓለም ገበያ ከ4,000 ዶላር በላይ አወጣ። በዚያ ላይ የብር መውረድ ተደረበበት። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተውኝ «እንግዲህ እነሱ ሲፈራሩ ቀለበት የሚያጣው የእኛ ልጅ ነው በለኛ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚሉኝ ነው። «ደሀ አገር ምን አማራጭ አላት? የራበው ሰው የብድር አንቀጽ ያነባል? ራስ መኮንንም ቢሆኑ ያስያዙት ሌላ ስላልነበራቸው ነው።» መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ለእርሱ ያለኝ መልስ በጉባ ያለው ግድብ ነው። ለሕዳሴው ግድብ የዓለም አበዳሪዎች በራቸውን ዘግተው ነበር። አገሪቱ በ2003 ሥራውን ስትጀምር ያስያዘችው ጉምሩክ አልነበረም። እኔም ያኔ ጀማሪ መምህር ሳለሁ የአንድ ወር ደመወዜ ተከፋፍሎ ለቦንዱ ይቆረጥ ነበር፤ ብዙዎቻችሁም እንዲሁ። ሲሚንቶውን ያፈሰሰው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ተርባይኑን ከአውሮፓም ከቻይናም ገዛን። ባለሙያው የውጭ ነበር፤ የገንዘቡ ቁልፍ ግን እዚህ ነበር። ስለዚህም ግፊት ሲመጣ፣ ዕርዳታም ሲታገድ፣ ሥራው አልቆመም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ።

ይህን ስል ግድቡን ጣዖት ላደርገው አይደለም። ሥራው ከታሰበው በእጥፍ በላይ ዓመታት ወስዷል፤ ብክነትም ነበረበት፤ መዋጮውም ለሁሉም በውዴታ የተሰጠ አልነበረም። አገር ሁሉንም ነገር በደመወዝ መዋጮ ልትሠራ አትችልም፤ የውጭ ምንዛሪ ከመምህር ኪስ አይወጣም። ነገር ግን አንድ ነገር አረጋግጦልናል፤ ባላ የሚጸናው በራስ መሬት ላይ ሲተከል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ብዙ ምሁራን «ጥናት ያስፈልጋል» ብዬ አልሸሽም። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የብድር ውሎች ይታተሙ። በሕጋችን መሠረት የውጭ ብድር ስምምነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፤ በነጋሪት ጋዜጣም አዋጅ ይወጣል። አዋጁን ያነበበ ያውቃል፤ የአበዳሪውን ስም፣ የገንዘቡን መጠን፣ የተፈረመበትን ቀን ይነግረንና ያበቃል። መያዣው ምን እንደሆነ፣ ክርክር ቢነሣ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ፣ ሳንከፍል ብንቀር ምን እንደሚከተል የሚያሳየው ዋናው ውል አብሮ አይታተምም። ከውጫሌ በኋላ 130 ዓመት አልፎም የውሉን ሁለተኛ ቅጂ ሌላው ወገን ብቻ በሚገባ የሚያነብበት አገር ሆነን መኖር የለብንም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባል የለም? ያላየነውን ነገር አያያዙን ከየት እናውቃለን?

ሁለተኛ፣ የገቢ በሮቻችንን ለማንም፣ ለምሥራቅም ለምዕራብም ለባሕረ ሰላጤውም፣ አናስይዝ። የአየር መንገዱ ገቢ፣ የቡናው፣ የወርቁና የኤሌክትሪኩ ሽያጭ የዛሬዎቹ የሐረር ጉምሩኮች ናቸው። ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን በር የሚያስይዝ ብድር ከቀረበልን፣ ወለዱ ከፍ ያለውንና በር የማይነካውን እንመርጥ ዘንድ በሕግ ይደንገግ። ወለድ ተከፍሎ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ በቤታችን ገቢ እንሰብስብ፤ በፍትሕ ግን። ታክሳችን ከአገር ውስጥ ምርታችን 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ደመወዝተኛውንና የጉልት ቸርቻሪዋን ደጋግሞ ማለብ አቋራጭ እንጂ መንገድ አይደለም። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደዋለ ሲነገረው ይከፍላል። በዚህ በአራዳ ከ2016 ጀምሮ በመልሶ ማልማት ሰፈሮች ፈርሰዋል። ከዶሮ ማነቂያና ከእሪ በከንቱ የተነሡ ሰዎች ስለ አዲሱ መንገድ ውበት ሳይሆን ስለ ወጪውና ስለ ውሳኔው ቢጠይቁ፣ ጥያቄያቸው ከዕዳ ፖሊሲ ጋር የማይገናኝ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አንድ ነው እላለሁ። ለገዛ ዜጋው ሒሳብ የማያሳይ መንግሥት ለውጭ አበዳሪው ማሳየቱ አይቀርለትም፤ ገንዘብ ድርጅቱ በየጥቂት ወሩ መጥቶ መዝገቡን ይገልጣልና። ያንኑ መዝገብ ለእኛ ለባለቤቶቹ አስቀድሞ ቢገለጥልን ኖሮ እዚያ ባልደረስን ነበር።

ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ዶክተር፣ የሚያዋጣን ምሥራቁ ነው ወይስ ምዕራቡ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው ይህን ነው። ወዳጅ አብዙ፤ ከሁሉም ተማሩ፤ ከሁሉም ነግዱ። ነገር ግን ከየትኛውም ጋር ስትፈርሙ፣ ነገ ያ ወዳጅ ከጠላቱ ጋር ታርቆ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ፊታችሁ ቢቀመጡ በእጃችሁ ምን እንደሚቀር አስቀድማችሁ አስሉ። የሚቀረውን ያላሰላ ተደራዳሪ፣ ስንት ባላ ቢተክል ተንጠልጣይ ነው።

ምኒልክ ከውሉ ሲወጡ የተበደሩትን መልሰው ወጡ። የእኛ ትውልድ ስንት እንደተበደረና ምን እንዳስያዘ እንኳ አጥርቶ ሳያውቅ ለልጆቹ ሊያወርስ ተቃርቧል። ቢያንስ ወረቀቱን እናንብብላቸው።

ቸር ይግጠመን።